የኢትዮ-ጂቡቲ አሮጌው ባቡር መቋረጥና የመስመሩ ትናንሽ ከተሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ለገሃር እስከ ጂቡቲ ወደብ ሲመላለስ የኖረው አሮጌው ባቡር ሥራ ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ስለ አመሠራረቱና ስለ ነገሥታቱ ብዙ ተጽፏል፤ በየጣቢያው ዙሪያ ሲነግድ፣ ሲታከምና ሲማር ስለኖረው የቆላ ሕዝብ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለዚሁ ጉዳይ ሲነሣ በብዛት የሚደመጡት ናቸው። ዓመቶቹ በተለይ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሰጥተዋል።

የሚነገረው ስለ የትኛው ባቡር ነው?

ከጂቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ ስለሚደርሰውና ሕዝቡ «ምድር ባቡር» እያለ ሲጠራው ስለኖረው መስመር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የግንባታ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሃዲዱ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት በመክሰሩ ግንባታው ለዓመታት ተስተጓጉሎ፣ በአዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ እጅ እንደገና ቀጥሎ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው በጂቡቲ ግዛት ውስጥ ነበር። በሁለቱ የብረት ዘንጎች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ ይህ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ልብ ይባል። ድርጅቱ በመጨረሻዎቹ ዐሥርት ዓመታት የኢትዮጵያና የጂቡቲ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆኖ ቆይቷል። የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበር «ለገሃር» እና «ፉርጎ» የሚሉት ቃላት ከዚያው ወደ አማርኛ ገብተው ቀርተዋል።

ትናንሾቹ ጣቢያዎች ለምን እዚያ በረሃ ላይ ተተከሉ?

ምክንያቱ በመጀመሪያ የባቡሩ የራሱ ፍላጎት ነበር። በእንፋሎት ዘመን ሞተሩ በየተወሰነ ርቀት ውሃ መሙላት ነበረበት፤ መስመሩ ነጠላ ስለሆነም ከወዲህና ከወዲያ የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉበት ስፍራ ያስፈልግ ነበር፤ ሃዲዱን በየዕለቱ የሚያዩና የሚጠግኑ ሠራተኞችም በየቦታው መኖሪያ ሊኖራቸው ይገባ ነበር። ስለዚህ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፣ ኤረር፣ ቢኬ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ እያለ የሚሄደው የጣቢያ ሰንሰለት የተዘረጋው ነዋሪውን ለማገልገል ታስቦ አይደለም ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ባቡር በቆመበት ሁሉ ሰው ይሰበሰባል። ለጥገና ሠራተኛው ሻይ የምታፈላ ሴት መጣች፤ እሷን ተከትሎ ባለሱቅ መጣ፤ አርብቶ አደሩ ወተቱንና ፍየሉን ይዞ ባቡሩ በሚያልፍበት ቀን ወደ ጣቢያው መውረድ ጀመረ፤ ቆይቶ ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና የፖሊስ ጣቢያ ተከተሉ። ከእነዚህ ከተሞች አብዛኞቹ ከጣቢያው በኋላ የመጡ ናቸው፤ ሌላ የመኖሪያ ምክንያት ሳይፈልጉም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆዩ። አገልግሎቱ ሲነሣ የደረሰባቸው ጉዳት ድሮውንም በራሱ መንገድና ገበያ ከነበረው ከተማ ጉዳት ጋር የማይነጻጸረው ለዚህ ነው።

አገልግሎቱ መቼና እንዴት ተቋረጠ?

በአንድ ቀን በአዋጅ የተዘጋ መስመር አይደለም። ባቡሩ ቀስ በቀስ መዘግየት አበዛ፤ ከመርሐ ግብሩ ውጭ መሆን ጀመረ፤ ሞተር ሲበላሽ መለዋወጫ እየጠፋ የሚንቀሳቀሱት ባቡሮች ቁጥር አነሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው ጉዞ ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ጂቡቲ ያለው ክፍል ከዚያም በኋላ እየተቆራረጠ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ እሱም ተዳክሞ ቀረ።

እንዲህ ያለው አዘጋግ ለነዋሪው ከአዋጅ የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ መንግሥት «ከዚህ ቀን ጀምሮ ባቡር የለም» ብሎ ቢያስታውቅ ሰው ይቃወማል፣ ይጠይቃል፣ አማራጭ ይፈልጋል፤ «ለጥገና ነው፣ ይመለሳል» በሚባልበት ጊዜ ግን ሁሉም በተስፋ ይቀመጣል። ነጋዴዋ ዕቃዋን አስቀምጣ ትጠብቃለች፤ ሠራተኛው የተቋሙን ቤት ለቆ አይሄድም፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ለሌላ መጓጓዣ በጀት አይጠይቅም፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ባቡሩ ገና አለ።

መስመሩን ያዳከመው ምንድን ነው?

ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው። የመጀመሪያው ከአሰብ ወደብ ወደ መሀል አገር የሚወስደው የመኪና መንገድ ነው፤ የጭነት መኪና ከወደብ እስከ መጋዘን በር ድረስ ስለሚያደርስ ባቡሩ ቀድሞ የነበረውን ብቸኛነት አጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ወረራ ድልድዮችና ሃዲዶች ተመቱ፤ ጉዞውም ለወራት ተቋረጠ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አካባቢ በድልድይ ላይ በሚገኝ ጥምዝ ላይ ባቡር ከሃዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ይህም በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ የከፋው ነው።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ በር ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃም ወደ ጂቡቲ ዞረ። ለምድር ባቡር ከዚህ የሚበልጥ አጋጣሚ ሊመጣለት አይችልም ነበር። ሆኖም ሃዲዱ ቀጭን፣ ድልድዩ ያረጀ፣ ሞተሩ ጥቂት ስለነበረ ዕቃውን የጫነው የጭነት መኪና ሆነ፤ እሱም የሚሄደው ድሬዳዋን ትቶ በአፋር በሚሌና በጋላፊ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ መስመሩን ለውጭ ድርጅት በኮንሴሽን (ለተወሰነ ዘመን እንዲያስተዳድረው በውል) ለመስጠት ተደጋጋሚ ድርድር ቢደረግም አልተሳካም፤ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው የጥገና ሥራም መስመሩን ወደ መደበኛ አገልግሎት ሳይመልሰው ቀረ።

የመኪና መንገድ እያለ የባቡሩ መቅረት ለምን ይህን ያህል ጎዳ?

ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መስመሩን በካርታ ላይ ብቻ ከሚያውቅ ሰው ነው፤ መልሱ ያለውም በመሬቱ አቀማመጥ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሚኤሶ ድረስ የመኪናው መንገድና ሃዲዱ ብዙም ሳይራራቁ ይሄዳሉ፤ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራና አዋሽ ሁለቱንም የሚያገኙ ከተሞች ናቸው። ባቡሩ ሲቀር እነዚህ ከተሞች አንድ አማራጭ አጡ እንጂ መውጫ አላጡም።

ከሚኤሶ በኋላ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ዋናው የመኪና መንገድ ወደ ጨርጨር ደጋ ወጥቶ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጎ በደንገጎ ቁልቁለት ድሬዳዋ ይወርዳል። ሃዲዱ ደግሞ ተራራውን በስተቀኝ እየተወ በቆላው ሜዳ በሙሉ ጣቢያ፣ በአፍደም፣ በቢኬ፣ በኤረር በኩል ይሄዳል። በዚህ ክፍል በሃዲዱና በአስፋልቱ መካከል ተራራ አለ። የአፍደም ሰው ድሬዳዋ ለመሄድ የነበረው ምርጫ ባቡሩ፣ ከባቡሩ ውጭ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ወንዝ የሚቆርጠው የጠጠርና የአሸዋ መንገድ ነበር። ባቡሩ ቀርቶ ያ መንገድ ብቻውን ሲቀር የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ መሄድ ልማድ ሆነ፤ ዋጋውንም የሚወስነው የመኪናው ባለቤት ነው፤ መኪና ከሌለም ጉዞ የለም።

ከድሬዳዋ ወደ ጂቡቲ ባለው ወገንም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። ሽንሌ ከድሬዳዋ ቅርብ ስለሆነች ብዙ አልተቸገረችም፤ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ ግን ለረጅም ጊዜ ደህና መንገድ አልነበራቸውም። በቅርብ ዓመታት የተሠራው የድሬዳዋ–ደወሌ የክፍያ መንገድ የዚህን ወገን ችግር በብዙ አቃልሏል፤ ግን የደረሰው ባቡሩ ከተዳከመ ከዓመታት በኋላ ነው። የአገልግሎት መቋረጥ ጉዳት የሚለካው ተተኪው እስኪመጣ በሚያልፈው ጊዜ ርዝመት ጭምር ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ ትምህርቱን ይጨርሳል፤ ወይም ያቋርጣል።

ባቡሩ ለንግድ ምን ያህል ይጠቅም ነበር?

ለትንሹ ነጋዴ ከሚታሰበው በላይ ይጠቅም ነበር። የጭነት መኪና የሚጫነው ሲሞላ ነው፤ ሁለት ኬሻ ሽንኩርት ወይም አንድ ቅርጫት ብርቱካን ያላት ሴት መኪና ልትከራይ አትችልም። በባቡሩ ግን ቲኬቷን ቆርጣ፣ ዕቃዋን ከእግሯ ሥር ወይም ከፉርጎው ጥግ አድርጋ ትሄዳለች። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ወደ ጂቡቲ አትክልት፣ ፍራፍሬና ጫት ይወጣ ነበር፤ ከጂቡቲ ደግሞ ጨርቅ፣ ጫማ፣ ሩዝ፣ ፓስታና የቤት ዕቃ ይገባ ነበር። በየጣቢያው ባቡሩ ቆሞ በሚቆይባት አጭር ጊዜ ውስጥ በመስኮት በኩል ሻይ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የግመል ወተትና ፍራፍሬ ይሸጥ ነበር፤ የብዙ ቤተሰብ የዕለት ገቢ ያቺው ቆይታ ነበረች።

ንግዱ በዋናነት የሴቶች እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። የመነሻ ገንዘባቸው ትንሽ ነው፤ ዕቃቸውን ራሳቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ በየጣቢያው ደንበኛ አላቸው፤ በዱቤ ይሰጣሉ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይሰበስባሉ። በዱቤ የሚሠራ ንግድ የሚኖረው ነጋዴዋ በታወቀ ቀን ተመልሳ እንደምትመጣ እርግጠኛ ሲኮን ነው። የባቡሩ ቀን ሲጠፋ ዱቤውም ጠፋ፤ ዱቤው ሲጠፋ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ቤተሰቦች የነበራቸው ትስስር ላላ። ይህን ጉዳት በየትኛውም የሂሳብ መዝገብ ላይ አናገኘውም።

ባቡሩ የኮንትሮባንድ መንገድ አልነበረም ወይ?

ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ከጂቡቲ ቀረጥ ያልተከፈለበት ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስና ሲጋራ በባቡሩ ይገባ እንደነበር፣ የድሬዳዋ ገበያም በዚህ ዕቃ እንደታወቀ ድሬን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። መንግሥት ቀረጡን የመጠበቅ መብትም ግዴታም ነበረው። ነገር ግን በአንድ ባቡር ላይ ብዙ መጋዘን የሚሞላ ነጋዴና ሦስት ጥንድ ጫማ የያዘች እናት አብረው ይሄዱ ነበር፤ ኬላው ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸው ነበር። ባቡሩ ሲቀር ኮንትሮባንድ አልቀረም፤ ወደ መኪናና ወደ ግመል ዞረ፤ ከንግዱ የወጣችው በአብዛኛው መኪና መከራየት ያልቻለችው እናት ናት።

ከንግድ ውጭ ያለው ጉዳትስ?

ሕክምና ቀዳሚው ነው። በቆላው ከሚገኝ አነስተኛ ጤና ጣቢያ በላይ እርዳታ የሚያስፈልገው ታማሚ የሚሄደው ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ነበር። ባቡሩ ዘገምተኛ ቢሆንም የተኛን ሰው ይወስዳል፤ ቤተሰቡም አብሮት ይሄዳል፤ መመለሻውም የታወቀ ነው። በጭነት መኪና አናት ላይ የታመመ ሰው መውሰድ ምን እንደሆነ ያየ ሰው ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ትምህርት ነው፤ ልጁን ድሬዳዋ ዘመድ ቤት አስቀምጦ የሚያስተምር ወላጅ ቀለብ የሚልክለት በባቡር ነበር። መምህሩና ነርሱም ቢሆኑ ለዓመት በዓል ወደ ቤተሰባቸው የሚያደርሳቸው ባቡር ባለበት ቦታ ለመሥራት ይበልጥ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ከተማ መጓጓዣዋን ስታጣ ከነዋሪዋ በፊት የምታጣው በመንግሥት የተመደበላትን ባለሙያ ነው።

ድሬዳዋ ምን አጣች?

ድሬዳዋ በባቡሩ የተወለደች ከተማ ናት። መጀመሪያ የታሰበው ሃዲዱ ሐረር እንዲደርስ ነበር፤ ተራራው ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ ባቡሩ ከግርጌው ቀረ፤ ከተማዋም በዚያ ተመሠረተች። የመስመሩ ትልቁ የጥገና ወርክሾፕ እዚያ ነበር፤ ሞተር የሚፈታ፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ ጎማና ብሎን የሚቀርጽ የእጅ ባለሙያ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እዚያ አደገ። የከዚራ ሰፈር ዛፍ ያጠላባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶችና የተቋሙ መኖሪያ ቤቶች የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው።

ባቡሩ ሲቆም ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ቁጥር ቀነሰ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሙያው ራሱ ተቋረጠ። አረጋውያኑ ባለሙያዎች በፈረንሳይኛ የተማሩትን የሞተር ዕውቀት የሚያስተላልፉለት ወጣት አላገኙም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ሲመጣ ሞተሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ መመሪያው በቻይንኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር በሁለቱ ትውልዶች መካከል ድልድይ አልነበረም። ሆኖም ድሬዳዋ ትልቅ ከተማ ናት፤ ፋብሪካ፣ ዩኒቨርሲቲና አውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ ቆስላም ቢሆን ራሷን ችላ ትኖራለች። ይህን ማለት ለቢኬ ወይም ለአዲጋላ አይቻልም።

አዲሱ ባቡር አሮጌውን አልተካውም ወይ?

በከፊል ተክቷል፤ ለወደቡ ሥራ ደግሞ ከተካውም በላይ ነው። አዲሱ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የሃዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኤሌክትሪክ ይሠራል። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ሲሆን በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል፤ ሙሉ አስተዳደሩ ወደ ኢትዮጵያና ጂቡቲ የጋራ ኩባንያ የተላለፈው በ2016 ዓ.ም. ነው። በጭነት መኪና ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚፈጀውን የጂቡቲ ጉዞ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ለአገር ኢኮኖሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያጣጥለው ሰው ስህተት ይሠራል።

ችግሩ አዲሱ ባቡር የተሠራበት ዓላማ ሌላ መሆኑ ላይ ነው። ዋና ሥራው ኮንቴይነር፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴና ተሽከርካሪ ከወደብ ማምጣት ነው፤ የመንገደኛው ባቡር ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ካርታው ላይ ጣቢያ ተብሎ የተመለከተው ስፍራ ሁሉ ሰው የሚሳፈርበት አይደለም፤ ከአዳማ ወዲያ መስመሩ ነጠላ ስለሆነ አንዳንዱ ቦታ ባቡሮች እንዲተላለፉ ብቻ የተሠራ ነው። አሮጌው ባቡር በዝግታ ስለሚሄድ በየሰፈሩ መቆም አይከብደውም ነበር፤ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ የሚችል ባቡር ግን በቆመ ቁጥር ጊዜና ኃይል ያባክናልና መሐንዲሱ መቆሚያ ለመቀነስ ይገፋፋል።

የጣቢያዎቹ አቀማመጥም ተለውጧል። ለገሃር በአዲስ አበባ መሀል ነበረ፤ አዲሱ ባቡር የሚነሣው ግን ከከተማው ዳር ከለቡ ነው። በድሬዳዋም አሮጌው ጣቢያ በከተማዋ መሀል ሲሆን አዲሱ ከከተማዋ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ከባቡሩ ቲኬት በተጨማሪ የባጃጅ ወይም የታክሲ ክፍያ ይመጣል። ሻንጣ ብቻ ለያዘ መንገደኛ ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ኬሻ ለያዘች ነጋዴ ግን የትርፏን ሲሶ ሊበላባት ይችላል።

አርብቶ አደሩ ከአዲሱ ባቡር ጋር ያለው ግንኙነት ምን ይመስላል?

የሚያሳዝነው ጉዳይ ይህ ነው። ከአሮጌው ባቡር ጋር የነበረው ግንኙነት የገበያ ግንኙነት ነበር፤ ከአዲሱ ጋር ያለው ግን በአመዛኙ ስለ ሞቱ ከብቶችና ስለ ካሣ ነው። ባቡሩ ፈጣንና ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ግመልና ከብት በሃዲዱ ላይ በተደጋጋሚ ተገጭተዋል፤ ለባለቤቶቹ ካሣ ይከፈላል፤ የባቡር አሽከርካሪዎችም ፍጥነት ለመቀነስ ተገድደዋል። የግጦሽ መሬቱ በሃዲድ ለሁለት ሲከፈል መሻገሪያው በቂ ካልሆነ መንጋው በለመደው መንገድ ሄዶ ሃዲዱ ላይ ይወጣል። ባቡሩ ወተቱን ጭኖለት የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ የዚያው አካባቢ ሰው ሃዲዱን እንደ ራሱ ንብረት ይጠብቀው እንደነበር አልጠራጠርም።

«መንገደኛ ማመላለስ ኪሳራ ነው» የሚለው ክርክር ትክክል አይደለም?

በቲኬት ገንዘብ ብቻ ከተሰላ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ስሌቱ ግን ጎደሎ ነው። ከቢኬ የተሳፈረች ሴት የምትከፍለው ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ደርሳ ትገዛለች፣ ትሸጣለች፣ ልጇን ታስተምራለች፣ ታማሚዋን ታሳክማለች። ባቡሩ ካልቆመላት የሚመጣው ወጪ ከባቡር ድርጅቱ መዝገብ ወጥቶ በጤና ቢሮው፣ በትምህርት ቢሮው፣ በእርዳታ እህል አከፋፋዩና በእሷ በራሷ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ወጪው አልጠፋም፤ የሚከፍለው ሰው ተቀየረ።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻም አይደለም። በብሪታንያ በ1963 እ.ኤ.አ. የባቡር ቦርዱ ሊቀ መንበር ሪቻርድ ቢችንግ ባቀረቡት ሪፖርት 2,363 ጣቢያዎችና ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር እንዲዘጋ ሐሳብ ቀርቦ አብዛኛው ተዘጋ። ኪሳራውን ያስቀራል የተባለው እርምጃ የተጠበቀውን ያህል ገንዘብ አላዳነም፤ ምክንያቱም ትንሹ የገጠር መስመር ለትልቁ መስመር እንደ ገባር ወንዝ ነበር። ገባሩ ሲደፈን ሰዉ ወደ ዋናው ጣቢያ በአውቶቡስ ይሄዳል ተብሎ ተገመተ፤ ብዙው ግን መኪና ገዝቶ ባቡሩን ጭራሽ ተወ። በእኛ ቆላ መኪና የሚገዛ የለምና ሰዉ ጉዞውን ራሱን ተወ።

የተዘጋ መስመር ተመልሶ የተከፈተበት አገር አለ?

አለ። በስኮትላንድ ከኤድንብራ ወደ ደቡብ ድንበር የሚወስደው መስመር በ1969 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ፣ ነዋሪዎች ለዐሥርት ዓመታት ከተሟገቱ በኋላ፣ እስከ ትዊድባንክ ያለው ክፍል በ2015 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ያለችው የሆዊክ ከተማ ግን እስካሁን ባቡሯን አላገኘችም። ወደ እኛ ቀረብ ስንል፣ ከምጽዋ አስመራ የሚወስደው አሮጌ ሃዲድ በጦርነቱ ዘመን ተነቃቅሎ ሳለ ኤርትራውያን ከነጻነት በኋላ ጡረታ የወጡትን የባቡር ሠራተኞች ጭምር ጠርተው እንደገና ዘርግተውታል፤ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጥ ባይሆንም የጠፋው የእጅ ሙያ እንዴት ሊሰበሰብ እንደሚችል ያሳያል።

አሮጌው የኢትዮ-ጂቡቲ ሃዲድ ተጠግኖ ሊሠራ ይችላል?

እንደ ሙሉ መስመር አይመስለኝም። በብዙ ቦታ ሃዲዱ ተነቅሏል ወይም ከሥሩ አፈሩ ታጥቧል፤ የለገሃር ግቢና ዙሪያውም ለሌላ የከተማ ልማት ውሏል። ስፋቱ አንድ ሜትር ስለሆነ የአዲሱ መስመር ባቡር ሊሄድበት አይችልም፤ ስለዚህ የራሱ ሞተር፣ የራሱ ፉርጎና የራሱ ወርክሾፕ ያስፈልገዋል። ከድሬዳዋ ግራና ቀኝ ያለውን አጭር ክፍል ለጎብኚና ለአካባቢ ገበያ ማንቀሳቀስ ግን ሊጠና የሚገባው ነው፤ ወርክሾፑና በውስጡ የቀሩት ሞተሮችም በቅርስነት መጠበቅ አለባቸው።

ነዋሪዎች ዛሬ ምን መጠየቅ ይችላሉ?

አዲስ ሃዲድ ከመጠየቅ ይልቅ ባለው ሃዲድ ላይ መቆሚያ መጠየቅ ይቀላል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ በገበያ ቀን፣ በትናንሾቹ ጣቢያዎች ሁሉ የሚቆም አንድ ዘገምተኛ ባቡር በድሬዳዋና በሚኤሶ መካከል፣ እንዲሁም በድሬዳዋና በደወሌ መካከል ቢመላለስ ፈጣኑን የወደብ ባቡር ብዙ አያስተጓጉልም። ባቡሩ ከመንገደኛ ክፍሎቹ በተጨማሪ ኬሻና የወተት ዕቃ የሚጫንበት አንድ ፉርጎ ይኑረው፤ የጭነት ዋጋውም በቁጥር ተጽፎ በየጣቢያው ይለጠፍ። የጉዞው ቀን ከተወሰነ በኋላ አይለዋወጥ፤ መቅረቱ ግድ ከሆነም ከሦስት ቀን በፊት በሶማልኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ በሬዲዮ ይነገር። ከጣቢያው ወደ ከተማው ለሚወስደው ባጃጅ ወረዳው ዋጋ ይተምንለት። የመንጋ መሻገሪያዎቹ የት የት እንደሚሆኑ ደግሞ ከመሐንዲሱ በፊት የአካባቢው ሽማግሌዎች በእግራቸው ሄደው ያሳዩ።